መቀርቀሪያው በሩን ጥሎ የሄደ ዕለት

የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ተተኪው ሳይደርስ ከበሩ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህም ሠራተኞቹ «መቀርቀሪያው» ይሉታል። በስሙ ይኮራል። በውሻውም እንዲሁ ይኮራል፤ ኩራቱ ግን ስለ አያያዙ ማንንም እንዳይጠይቅ አድርጎታል። ለዚያ ደረተ ሰፊ እንስሳ የቀኑን ቀለብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቀርብለታል፤ ሳህኑ ተልሶ እንዳበቃም «የበላውን ይሥራበት» እያለ በአጥሩ ዙሪያ ያስሮጠዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሻው ሩጫውን አቋርጦ ቆመ። አንገቱን ዘርግቶ ለማስታወክ ቢታገልም ከነጭ አረፋ በቀር ምንም አልወጣለትም። ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዞሮ ሆዱን ያያል። ለሃጩ ይዝረበረባል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ብቅ አለ። «ምነው፣ ወንዱ ውሻህ አረገዘ እንዴ?»

«ጥጋብ ነው፤ ይተወዋል» አለ መቀርቀሪያው። እጁን በውሻው ሆድ ላይ ሲያሳርፍ ግን እንደ ከበሮ ተወጥሯል።  ለእንስሳት ሐኪሟ ደወለ።

«ሊያስታውክ እየታገለ አይወጣለትም? ሆዱም ተነፍቷል?» አለችው።

«አዎ፣ ዶክተር። ተተኪዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ላምጣው?»

«አባቴ፣ ጨጓራው ተነፍቶ ተጠማዝዞ ይሆናል፤ ሲጠማዘዝ ደሙ ይታገዳል። እስከዚያ አይቆይልዎትም። ምንም ሳያጠጡት አሁኑኑ ይምጡ።»

ውሻውን አየ፤ በእጁ የያዘውን ቁልፍ አየ። ከዚያ በኋላ አለማመንታቱ ብቻ ሊመሰገንለት ይገባል። ቁልፉን ለመጋዘኑ ኃላፊ ዘረጋለት።

«አንተ? በር ጥለህ?» አለ ሰውየው፣ ቀልዱ ጠፍቶበት። «በል ሂድ፣ እኔ እቆምልሃለሁ።»

ሐኪሟ ቀዶ ጥገና አድርጋ ጨጓራውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ዳግመኛ እንዳይዞርም ከሆዱ ግድግዳ ጋር ሰፋችው። «በሰዓቱ ደርሰዋል፤ ይተርፋል ብዬ አስባለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ምግቡን ከፋፍለው ይስጡት። በልቶ ወዲያው አይሩጥ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«አፈጣጠሩም ለዚህ ያጋልጠዋል። የእርስዎ አያያዝ ግን አባብሶታል።» ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም፤ እርሱም አልተከራከረም።

ስልኩ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ነበር። «የመጋዘን ኃላፊው ‹ሽንት ቤት ነው ያለው› ይለኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት ምን ትሠራለህ?»

መቀርቀሪያው መለሰ። «ሽንት ቤት አይደለሁም፣ ጌታዬ። በሩን ጥዬ ውሻዬን ላሳክም ወጥቻለሁ። ቀደም ብሎ ቢገባኝ ኖሮ ቀደም ብዬ በጣልኩት ነበር።»