ፎጊ እስኪሆን

ከቁይ የተነሣሁት ወንድሜን አያሌውን በበቅሎ አስቀምጬ ነው። ከጣሊያን ጋር ሲታኮስ ባቱን የመታችው ጥይት ወጥታለች፤ ቁስሉ ግን መሽተት ጀምሯል። ሐኪም ያለው ከሉማሜ በታች፣ ከመኪናው መንገድ ማዶ፣ እንግሊዞች ዘንድ ነው። መንገዱን ደግሞ ጣሊያን ይጠብቀዋል።

ቁይ የነበረው የእንግሊዝ መኮንን በአስተርጓሚ አንድ ምክር ሰጠኝ፤ ሚስቲ ሲሆን አትሻገር፣ ፎጊ ሲሆን ተሻገር። ምን ማለት ነው ብዬ አስተርጓሚውን ያዝኩት። ሚስቲ ስስ ጉም ያለበት ነው፣ ዛፉ እንደ ጥላ ይታይሃል፤ ፎጊ ግን ኮርቻ ላይ ሆነህ የበቅሎህን ጆሮ የማታይበት ነው አለኝ። እንግሊዝ ለእኛ አዝኖ መጣ ብዬ የማምን ሞኝ አይደለሁም። ይህን ግን አደነቅሁለት። እኛ ጤፉን ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያልን እንደምንለየው፣ እነሱ ጉሙን ይለዩታል። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ ሁለቱን ቃላት መንገዱን ሙሉ በአፌ እያመላለስሁ ሄድሁ።

ወደ መንገዱ

የበልጉ ዝናብ መረሬውን አፈር አላቁጦታል። በቅሎይቱ እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች፤ አያሌው በሶውን አልቀምስም ብሎ ጥርሱን ነክሷል። በማግስቱ ማለዳ መንገዱ አጠገብ ስንደርስ ፎጊ ነበር። ጥቂት እንደተራመድን ጉሙን ፀሐይ ወጋችው። መጀመሪያ ዛፍ ታየ፣ ቀጥሎ የምሽጉ ባንዲራ። ሚስቲ ሆነ ማለት ነው። ቅርብ ወዳለው ጎጆ ሮጬ "የእግዜር እንግዳ!" አልሁ።

"ግቡ" አሉ አንዲት ባልቴት። ስማቸው እሜቴ የሺ ነው። ታጣቂ ያስጠጋ ቤቱ እንደሚቃጠል ያውቃሉ። በአገራችን ግን እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ ማንነቱ አይጠየቅም። ራሳቸው ተቀምጠው የአያሌውን እግር ማጠብ ጀመሩ። ውሃው ቀላ።

በዚህ መሐል የምሽጉ ባንዳ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እሜቴ፣ ማነው ይሄ?"

"የእግዜር እንግዳ።"

"ከየት መጣ?"

"እግሩን ሳላጥበው ልጠይቀው? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?"

ባንዳው ውሃውን አየ። እኔ ቢላዬን ጨብጫለሁ። ባንዳ ሰው አይመስለኝም ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ አይመስሉኝም። እሱ ግን አቀረቀረ።

"እንግዲያው ይብላ" አለ። "ጉሙ ሲወርድ መጥቼ እጠይቀዋለሁ።"

ጉም ከወረደ በኋላ ማንንም እንደማያገኝ ያውቃል።

ማዶ

በሹሮ እንጀራ በላን። ጉሙ ከወደ ዓባይ ተግተልትሎ መጣ። እጄን በበቅሎዋ ጆሮ አጠገብ ዘረጋሁ፤ እጄም ጆሮዋም ጠፉ። ስንሻገር የጣሊያኖቹ ሳል ይሰማናል፣ የትንባሆአቸው ሽታ ይመጣል፣ ሰው ግን የለም። ሐኪሙ የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለና እግሩን አተረፈው።

ስንመለስ ጣሊያን መንገዱን ለቆ ሄዷል። ጎጆዋ እንዳለች ናት። አያሌው በምርኩዝ ቆሞ እጅ ሲነሣ እሜቴ የሺ እግሩን አዩት፣ አዩትና፣ "አሁን ስማችሁን ንገሩኝ" አሉ።

ቁይ ስገባ መኮንኑ ጉሙ እንዴት እንደነበር በአስተርጓሚው አስጠየቀኝ። መጀመሪያ ሚስቲ፣ ኋላ ፎጊ አልሁት። ሳቀ፤ ቃሉን በቦታው ማዋሌ ደስ ብሎታል።

"ፎጊ እስኪሆን የት ቆያችሁ?" አለኝ።

"ሰው ቤት" አልሁት።