ምንም የሌለበት ፎቶ

የወንድሜን ሚስት እኛ ቤት "አጣሪ" ነው የምንላት። በር ቆልፋ ትሄድና ተመልሳ ትገፋዋለች። ወንድሜ ላግባሽ ሲላት እንኳ ስለሱ ሰፈሩን ሁሉ ጠይቃለች። እኔንም ጠይቃኛለች፤ ምንም አላስቀረሁባትም። እንዲያም ሆኖ አገባችው።

የምትሠራው ላብራቶሪ ነው። ጀርም ሲገባብን ማንም ሳያስተምራቸው ቀድመው የሚነሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ ግቢ ዘበኛ በሏቸው። ከነሱ አንዱን ነው የምታጠናው። በዓይን ስለማይታይ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ትልክበታለች፤ ሄዶ ይይዘውና ፎቶ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ጥሩ አንቲቦዲ የተላከበትን ብቻ ይይዛል። መጥፎው እንደኔ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሲል ይውላል።

ራሷ በመረጠችው አንቲቦዲ መሥራት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። መስመሩ ወፍራም፣ ያማረ። አለቃዋ ውጤቱን ስብሰባ ላይ ላቅርበው ሲል ግን ጥርጣሬዋ ተነሳ።

"ፕሮቲኑን ያጠፋንበት ሴል ላይ ልሞክረው" አለችው። እዚያም መስመር ከወጣ አንቲቦዲው የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፤ የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

አለቃዋ በአፍንጫው ነው የሚያወራው። "እህቴ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ። ተይው በቃ።"

"ስብሰባው ላይ አንዱ ቢጠይቅህስ?"

"እሺ፣ ሞክሪው" አለ አፍንጫው።

ሞከረችው። መስመሩ ፕሮቲን በሌለበትም ቁጭ ብሏል፣ ያውም ወፍራም ሆኖ። የዚያን ቀን ቤት ገብታ በሩን ስትቆልፍ ተመልሳ እንኳ አልገፋችውም። ወንድሜ ቀልድ ሞከረ፤ አልሳቀችም። እርግጥ ቀልዱም አያስቅም።

በማግስቱ ሌላ አንቲቦዲ ይዛ እንደ አዲስ ጀመረች። አርብ ማታ ፊቷ በርቶ ገባችና ስልኳን ለእናቴ አቀበለቻት።

"እማዬ፣ እዪልኝ።"

"ይቺን ቀጭን መስመር ነው?"

"እሷንም። ግን አጠገቧ ያለውን እዪው፣ ፕሮቲን የሌለበትን።"

"እዚህማ ምንም የለም፣ ልጄ።"

"አዎ! ምንም የለም። ይሄኛው እሱን ብቻ ነው የሚይዘው ማለት ነው። የበፊቱን ሁሉ በዚህ እደግመዋለሁ፤ አለቃዬም ስብሰባውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፎልኛል።"

እናቴ መነፅሯን ጠርጋ ደግማ አየች። ከዚያ ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ አስላከች። በነጋታው በር ላይ ለጎረቤታችን ስታሳያት ሰማኋት።

"የልጄ ሥራ ነው። እዚህ ጋ ምንም የለም፤ አየሽ እንዴት ንጹሕ አድርጋ እንደሠራችው?"