ጣታቸውን ያላወቀው ስልክ

አምቦ ውስጥ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ተቀምጬ ሳለ ሰውዬው ከመሳቢያው አሮጌ ታጣፊ ስልክ አውጥቶ ከፈተና ዘጋው። "ጧ!" ድምፁ ወደ ጌዶ ከተማ፣ ወደ አጎቴ ግቢ መለሰኝ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቴ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ባለ ቀለም ታጣፊ ስልክ ለሙከራ ይዘው መጡና፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ እዪልኝ። ለንግድ ይሆናል?" አሉኝ። ስልኩ በአንድ ቀን የበሬ ሽታ ሸትቷል። እንደ ፈታኝ መምህር ኮስተር ብዬ ነካካሁት።

"ፌስቡክ እንኳን አይከፍትም። ይመልሱትና ተች ስልክ ይግዙ።"

"እኔ ግን የበሬውን ገመድ በግራ እጄ ይዤ በቀኝ አውራ ጣቴ እከፍተዋለሁ። ስጨርስ ጧ! ነገሩ አለቀ።"

ሳቅኩባቸው። እሳቸውም ሰሙኝ፤ ተች ገዙ።

ገመድ ያሻከረውን ጣታቸውን ግን ስክሪኑ አልሰማ አለ። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉልኝ ቀድሞ የምሰማው ቁጥሬን የመታላቸው ሰው ድምፅ ሆነ። ለምን ጠፉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ስልኩስ ጥሩ ነው፤ ጣቴ ነው እምቢ ያለው" አሉኝ፣ እኔን ላለማስቀየም። ኋላ መደወሉንም ተዉት፤ እስኪያርፉ ድረስ።

"ልሞክረው?" አልኩት ጠጋኙን። ቦርሳዬን በግራ እጄ እንደያዝኩ በቀኝ አውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። ወዲያው ተከፈተ።

"ለማን ፈልገሽው ነው?" አለኝ።

ጧ አድርጌ ዘጋሁት።