የእናቴ ጨጓራ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ እኔም ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናቴ አልዳነችም። ኋላ አታለለችን እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ማታለሉንስ እስኪበቃኝ አድርጌዋለሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ከሚሴ ገበያ ሽርጥ እሸጣለሁ። ጌታን ሳላገኝ በፊት ምላሴ ለጉድ ነበር። ቀለሙ ይለቃል ወይ ሲሉኝ ወላሂ አይለቅም እላለሁ፤ አንዴ ሲታጠብ ቀለሙ ሁሉ ሳፋ ውስጥ ይቀራል። ለአማርኛው በአማርኛ፣ ለኦሮምኛው በኦሮምኛ፣ በሁለት ቋንቋ ነበር የምዋሸው። ጌታን ስቀበል የሽርጡን ውሸት ተውኩ፤ ስሙ ይባረክ። በቃ ነጻ ወጣሁ ብዬ አረፍኩ።

ያኔ ጨፋ ሮቢት ያሉት ዘመዶቼ አዘኑብኝ፤ ቤቴ መምጣትም ተዉ። አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን አልተወችኝም። እሷ በሃይማኖቷ፣ እኔ በእምነቴ፣ አንድ ቤት እንኖር ነበር። ሰላቷን ስትሰግድ ሬዲዮዬን እቀንሳለሁ፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ አልረፈደብሽም ወይ ብላ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። ከዘመድ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አምና ሆዷን ያማት ጀመርና ደሴ ሄድን። ሐኪሙ ኦሮምኛ አይችልም፤ እናቴ ደግሞ አማርኛው አይሆንላትም። እኔ መሃል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉበቷ ላይ ያለው ካንሰር ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገናም አይረዳትም። ጥቂት ወራት ነው ያላት። ንገሪያትና የምትፈልገውን ታድርግ» አለኝ። እናቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ጨጓራ ነው አልኳት፤ በርበሬ ተዪ ብሏል። ሐኪሙ እውነቱን የነገርኳት መስሎት ትከሻዋን ዳበስ አደረጋት። እሷም ለበርበሬ ይሄ ሁሉ ሀዘን ምንድን ነው ብላ ሳቀች።

ከዚያ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ለእናቴ ጨጓራ ጸልዩልኝ አልኳችሁ፤ እናንተም ለጨጓራ ጸለያችሁ። ይቅር በሉኝ።

እናቴ ከደሴ ከተመለስን ጀምሮ ቃሏ አንድ ነበር፤ ጨፋ ውሰጂኝ። እዚያ ነው የተወለደችው፤ እህቷም እዚያ ናት። የቦርከና ወንዝ፣ ማሽላው፣ ከብቱ ሁሉ ውል ይላት ነበር። እኔ ሲሻልሽ እንሄዳለን እላታለሁ። ልብሷን በፌስታል አድርጋ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ እኔ መልሼ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ለእሷ አዝኜ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር። ወገኖቼ፣ ለራሴ ነው የዋሸሁት። እውነቱን ካወቀች ዘመዶቿ ጋ ሄዳ መሞት ትመርጣለች፤ እኔ ደግሞ እዚያ ቤት የምገባበት ፊት የለኝም። ከእጄ እንዳትወጣ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሁድ ወንጌላዊያችን ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውን አስተማረን፤ የአንድ አካል ብልቶች ናችሁና ውሸትን ጥላችሁ እርስ በርሳችሁ እውነትን ተነጋገሩ የሚለውን። እኔ ስለ ሽርጡ መስሎኝ፣ ይሄንንስ ተገላገልኩት ብዬ ደስ አለኝ። ቀጠለና የምንወደውን ሰው ስንዋሸው ብቻውን ጥለነው ነው የምንሄደው ሲል ግን የእናቴ ጨጓራ ትዝ አለኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እጄን ያዘችና «ዱጋ ናቲ ሂሚ» አለችኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ ማለቷ ነው። ነገርኳት። ጉበትሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ የለሽም፣ የደበቅኩሽም እኔ ነኝ አልኳት። ያን ቀን ውላ እስክታድር ምግብ ከእጄ አልተቀበለችም። በማግስቱ ተነሺና ባጃጅ ጥሪ አለች።

ጨፋ ሮቢት ስንደርስ አክስቴ እናቴን አቅፋ አስገባቻት። እኔ ደጅ ቀረሁ። ከቆይታ በኋላ አክስቴ ወጣችና እውነቱን ነግረሻታል አሉ፣ ግቢ እንጂ ምን ይገትርሻል አለችኝ። ሃሌሉያ፣ ገባሁ።

እናቴ እዚያ ስድስት ሳምንት ቆየች። እኔ የጨፋ ገበያ በዋለ ቁጥር ከከሚሴ እየሄድኩ አያታለሁ። አንድ ቀን እንዴት ነኝ፣ እንዴት አየሽኝ አለችኝ። ድሮ ቢሆን አምሮብሻል እላት ነበር።

«ከስተሻል፣ እማ» አልኳት።

ሳቀች። «አሁን ገና ልጄ መጣች» አለች።

ያን ቀን ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ መቀበሪያዋም ሳይቀር ስታጫውተኝ ዋለች። እኔም ፈራሁ አልኳት፤ እሷም እንደምትፈራ ነገረችኝ። ማሽላው ሳይታጨድ አረፈች።

ትናፍቀኛለች፣ ወገኖቼ። እነዚያን ስድስት ሳምንታት የሰጠኝ ጌታ ስሙ ይባረክ። እናንተም እውነቱን የደበቃችሁት ሰው ካለ፣ እግዚአብሔርን ታመኑና ዛሬውኑ ንገሩት፤ እሱ አብሯችሁ ይገባል። እኔ እስከ ዛሬ መልሼ ባገኛቸው ብዬ የምመኘው እየዋሸኋት ያለፉትን ሁለት ወራት ነው። እናቴ እቤቴ ነበረች፤ እኔ ግን አብሬያት አልነበርኩም።