ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁም ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ። ጨርቅ ሲገዛ ዋጋ ይጠራል፤ ነጋዴው እምቢ ካለ ጀርባውን አዙሮ ይሄዳል። ሲሄድ ግን ቀስ እያለ ነው፤ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ይጠሩታል። ያልጠሩት ዕለት ባዶ እጁን መጥቶ «ድሮም አላስፈለገኝም» ይላል፤ ሱሪ ያዘዘው ሰውዬ ግን ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም። ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ሻጭዋ እንዳትቀየመኝ ብዬ የተባልኩትን ከፍዬ እመጣለሁ።

በደርግ ጊዜ ይህ ጠባዩ ባሰበት። ራዲዮኑ ጧትና ማታ ወደ ኋላ ማለት የለም ይላል፤ እሱም እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። «አንድ ጊዜ ካፈገፈግሽ አለቀልሽ» ይለኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳፈገፍግ ነው የምውለው፤ እስካሁን አላለቀልኝም።

እንዲህ እያለን ለታላቋ ልጃችን ሽማግሌ መጣ። ልጁ ከጅማ አለፍ ብላ ባለችው የቡ ከተማ፣ ቡና ማጠቢያው ውስጥ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። እሷም እንደምትወደው አውቃለሁ፤ እናት ሳይነግሯት ታውቃለች።

በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ የሚጠይቀው ቆሞ ነው። መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውሃ አይቀምስም። እነሱ ቆመው ደግሞ የቤቱ ጌታ አይቀመጥም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ሴት ልጁ የከበደችው ይመስልበታል። በሁለተኛውም ምክንያት ይፈልጋል። በሦስተኛው ግን ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይከለክላል፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ የሚመጣ ሽማግሌ የለም።

ባለቤቴ በመጀመሪያው «አጋሮ ያለውን ወንድሜን ላማክር» አለ። ከወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። በሁለተኛው «ጾም ነው» አለ። ጾሙ ሊፈታ የቀረው ትንሽ ነበር።

ከሦስተኛው በፊት የልጁ መሥሪያ ቤት ወደ ቴፒ እንደቀየረው ተሰማ። ማክሰኞ ይሄዳል አሉ። ልጄ ምግብ አልዋጥ አላት። እሑድ ጧት ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ባለቤቴን ጓዳ ጠርቼ ለመንኩት።

«ዛሬ እሺ በላቸው።»

«ዛሬ እምቢ ብላቸው አራተኛ ይመጣሉ። ያኔ የማን ልጅ እንደሆነች ይገባቸዋል።»

«አራተኛ የመጣ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም። በእኔ ይጀመራላ!»

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አንድ ሐጂ ነበሩ። ልጁ ክርስቲያን ነው፤ ግን ጎረቤታቸው ነው፣ የቡ ውስጥም ከሐጂ በላይ የሚከበር ሽማግሌ የለም። ሐጂ የበሬ ነጋዴ ናቸው። እሑድን የመረጡት በከንቱ አልነበረም። እሑድ ጧት የቀበሌያችን ስብሰባ አለ፤ ከየቤቱ የቀረ ሰው ስኳር ይከለከላል፣ ለምን ቀረህ ተብሎም ይጠየቃል። ባለቤቴ ሰዓቱ ሲደርስ ጨንቆት እሺ ይላል ብለው ነው። እሱ ደግሞ እነሱ የመጡበት የቡና መኪና ከደጅ እንደቆመና ብዙ እንደማይጠብቅ አይቷል።

ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጀመሩ።

«ጌታው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደጅዎን ረገጥን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።»

«እስቲ ይቀመጡና እንነጋገር።»

«ይስጡንና እንቀመጣለን።»

«ይቀመጡና አስብበታለሁ።»

«ወላሂ፣ እግሬ ቢያብጥ አልቀመጥም።»

«እኔም ቤቴ ነኝ፤ የምቸኩልበት የለም።»

ያን ጊዜ ከውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ የሚቀር ሰው ወዮለት ይላል። ሐጂ ፈገግ አሉ።

«ስብሰባ አለብዎ መሰለኝ።»

«ይጠብቀኛል» አለ ባለቤቴ። ማንን ጠብቆ ያውቃል!

ወዲያው የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። አሁን ደግሞ ባለቤቴ ፈገግ አለ።

«ሾፌሩ የቸኮለ ይመስላል።»

«የየቡን መንገድ በእግሬም አውቀዋለሁ» አሉ ሐጂ። ይህን ጊዜ ከኋላቸው የቆሙት ወፍራሙ ሽማግሌ ደንገጥ ብለው አዩዋቸው።

እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። «ማሎ፣ እባካችሁ» አልኩ። ማሎ የኦሮምኛ ልመና ናት፤ ጅማ ውስጥ አማርኛው አልበቃ ሲለን እንጨምራታለን። የሰማኝ የለም። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ወንዶቹ እንደ ምሰሶ ተገትረዋል።

በሩ ተገፋና የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ከየቤቱ የቀሩትን ሊሰበስብ ነው የመጣው። አንድ በአንድ አየን።

«ምንድነው ይሄ? ስብሰባ ትታችሁ ስብሰባ? ፈቃድ አላችሁ?»

በዚያ ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰብሰብ ብሎ መገኘት ቀልድ አልነበረም።

«ሽምግልና ነው፣ ጓድ» አሉ ወፍራሙ ሽማግሌ ቶሎ ብለው። «ልጅ ልንጠይቅ ነው።»

«ተሰጣችሁ ወይስ አልተሰጣችሁም?»

ወፍራሙ ሽማግሌ ወደ ሐጂ ዞሩ።

«ስሙኝ» አለ ጠባቂው። «ከተሰጣችሁ ሽምግልና ነው። ካልተሰጣችሁ ስብሰባ ነው፤ ሁላችሁንም ወደ ቀበሌ እነዳችኋለሁ።»

ይህን ሰምቶ የማይናገር አለ? ባለቤቴ ሐጂን ያያል፤ «እንግዲያው እንሄዳለን» እንዲሉለት። ሐጂ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያሉ፤ «ሰጥቻለሁ» እንዲላቸው። መሐላቸው ጠመንጃ ቆሞ እነሱ ማን ቀድሞ ይሰበራል ይባባላሉ። በዚያን ዘመን ለትንሽ ነገር እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ጎረቤቴ ለባሏ ስንቅ ስታመላልስ ጫማዋ አልቋል። እኔ እሷን አሰብኩ፤ ልጄን አሰብኩ፤ ማክሰኞን አሰብኩ። ጆጉን መሬት አስቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ።

«እልልልልል!»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ወደ ስብሰባ የሚሄዱት ሴቶች መንገድ ላይ ሰምተው መለሱልኝ። ከማዶ ያለችዋ ቀጠለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ግቢ ተቀበለ። አንዴ እልልታ ከወጣበት ቤት ተመልሶ «አልሰጠሁም» የሚል አባት የለም፤ አገር ሰምቷል። ባለቤቴ የሚቆርጠውን ጨርቅ ከእጁ የነጠቁት መሰለ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ጓዶች!» አለ ጠባቂው። «በሉ አሁን ወደ ስብሰባ!»

ሽማግሌዎቹ እንደ ተቆረጠ ሙዝ ወንበሩ ላይ ወረዱ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ውሃቸውን ጠጡና አፋቸውን ሳይጠርጉ «ቀኑስ?» አሉ። ባለቤቴ ኮቱን አንስቶ «ስብሰባ ረፍዶብኛል» ብሎ ከጠባቂው ፊት ቀድሞ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እኔ ደስታዬን ይዤ ልጄ ወዳለችበት ክፍል ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የተቋጠረ ጨርቅ አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ልብሴ ነው።»

«የት ልትሄጂ?»

«ቴፒ። አባዬ እምቢ ካለ ማክሰኞ ከእሱ ጋር ልሄድ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እነዚያ ወንዶች በሦስት እሑድ ሲጓተቱባት የከረሙት ልጅ ለካ ከእጃቸው ወጥታለች።

«ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያወጣሁ አልጋው ላይ አደረግኩ። ከሥር የእኔ አዲሱ ነጠላ ወጣ።

«ይህንንም?»

«ቴፒ ይበርዳል ብለውኝ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

ቴፒ ቆላ ነው፣ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ነጠላውን በደንብ አጣጥፌ መልሼ ሰጠኋት።