የቀትሩ ሸራ

ፀሐይ ያሞቀው ሸራ የራሱ ሽታ አለው። ጎማም አቧራም ይመስላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዛሬ መንደራችን ኮንጋ፣ እናቴ ጓሮ ያለችውን ትንሽ የቡና ማድረቂያ አልጋ ልንሸፍን የሸራውን ጫፍ ሳነሳ ያው ሽታ መጣብኝና በአንድ ጊዜ ህንድ አገር ደረስኩ። ሰው ውጭ አገር መማሩን ሲያስታውስ ፎቁና ምግቡ ይመጣበታል። እኔ ላይ የሚመጣብኝ አንድ ጃንጥላ ሻጭ ነው።

የንግድ ሥራ ትምህርት ልማር ስሄድ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ስለሆነ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። የምማረው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው፤ ውጤቴ ከተወሰነው በታች ከወረደ ግን ወደ ዲላ መመለስ ነው። ይህን አንድም ቀን አልረሳሁትም።

በመጀመሪያው መንፈቅ መምህሩ በአራት በአራት መደበንና በአካባቢው ያለ አንድ ነጋዴ አጥንታችሁ ጻፉ አለን፤ ለእኛ ጃንጥላ ሻጩ ደረሰን። የቡድናችን መሪ የዚያው ከተማ ልጅ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስትናገር ትቸኩላለች፣ ስትሄድ ትቸኩላለች፣ ሳቋ እንኳ ቶሎ ያልቃል። እኔን "ዲዲ" ትለኝ ነበር፤ በቋንቋቸው እትዬ እንደማለት ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ዝም ስለምትዪ ታስተውያለሽ ብላ ማረሙንና ማስረከቡን ለእኔ ሰጠችኝ።

ሦስቱ ጽፈው የሰጡኝን ምን ልበል። አንዱ ገጽ ላይ ጃንጥላ ሻጩ ስድስት ሠራተኛ አለው፣ በሚቀጥለው ገጽ ብቻውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነጥብ ይወድቅበታል። ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ ለቀምኩት። የማስረከቢያው ቀን ጠዋት ግን ከሰውዬው ጋር አደረግን ያሉትን ቃለ መጠይቅ ሳነብ ቆምኩ። ጃንጥላ ሻጩ ልክ እንደ መማሪያ መጽሐፋችን ነበር የሚናገረው።

ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። ሰውዬው ሰማያዊ ሸራ ወጥሮ ከሥሩ ተቀምጧል፤ ሽታው ቁርጥ የአገሬ። ባለችው ጥቂት እንግሊዝኛና በእጁ፣ ማንም መጥቶ እንዳልጠየቀው ነገረኝ። እንዲሁ ልመለስ ብል ልቤ እምቢ አለኝ። ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ጠየቅኩት፤ ያልገባኝን ደግሜ ጠየቅኩት፤ ሻይ አመጣልኝ። ማስረከቢያው ቀትር ላይ ነበር። እውነተኛውን ገጽ ይዤ ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ አርባ ደቂቃ አልፏል።

መምህሩ ሰማኝ። "ገጹ ውሸት መሆኑን ካወቅሽ አውጥተሽ ጥለሽ የቀረውን ለምን አላስረከብሽም?" አለኝ። ቢቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ነው የጠየቀኝ። ለአራታችንም ዜሮ ሰጠን።

ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ውሸቷን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "እኛ ማለፍ ነበር የፈለግነው፤ አንቺ ንጹሕ መሆን ፈለግሽ" አለችኝና ስሜን ጨመረችበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲዲ ብላኝ አታውቅም።

እሑድ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቄ ደወልኩላት። ልክ ነሽ እንድትለኝ ነበር። እንዲህ አድርጋ የሠራችኝ እሷ አይደለችም? ልጅ ሆኜ፣ ተቀጥራ በምትሠራበት ቡና ማጠቢያ፣ ከታጠበው ቡና የተበላሸውን ከወንፊት አልጋው ላይ ስትለቅም ከሥሩ እቀመጥ ነበር። ብርሃኑ በወንፊቱ አልፎ ደብተሬ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ውሃው ጠብ ይላል፣ የጣቶቿ ድምፅ ከላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። ከዚያ ጣት የሚያመልጥ የጠቆረ ፍሬ አለ ብሎ ማን ይገምታል?

ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ በጌዴኦኛ፣ "ቀትር ነበር አልሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ቀትር ላይ ሸፍኑ ሲሉን ያልጨረስኩትን ከነእንከኑ ነው የምሸፍነው። ከፀሐይ ጋር ልከራከር? የፍሬው ገለፈት በፀሐይ ከተሰነጠቀ ጥሩውም አብሮ ይበላሻል።"

"ያንቺ አልጋ ግን ጥርት ይል ነበር" አልኳት።

ሳቀች። "የኔ አልጋ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አያውቅም፣ ልጄ። አንቺ ከሥር ሆነሽ ነው ያየሽው።"

እንዴት እንደበሸቅኩ። ይህን ለመናገር ሠላሳ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረባት? በመጨረሻው ፈተና ለጥቂት ተርፌ ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ ንዴቱ ግን ከትምህርቱም በላይ ቆየ።

አሁን ዓይኗ ደመና ለብሷል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ጸሎት ላይ ነኝ ትለኛለች፣ ሁለቱ የተጣሉ ይመስል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲላ መጥቼ አብሬያት እለቅማለሁ። በጣቷ ዳብሳ ጥሩውን ፍሬ እግሯ ሥር ወዳለው የእንከን ጣሳ ትጥላለች፣ የጠቆረውን አልጋው ላይ ትተዋለች። ብነግራት "የደከመው ያንቺ ዓይን ነው፣ መጽሐፍ አበዛሽበት" አለችኝ። ዞር ስትል የጣለችውን ወደ አልጋው መመለስ ጀመርኩ። በምን እንዳወቀች እንጃ፣ "ጣሳዬን ተይ" አለችኝ።

ዛሬም ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "ጠራ?" አለችኝ።

አየሁት። ከመሀል አራት የጠቆሩ፣ ከዳር አንድ ነቀዝ የበላው። እጄ ወደዚያ ሄደ፣ ከመንገድ መለስኩት።

"ሰዓቱ ደርሷል፣ እማዬ" አልኳት።

አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሷ ይዘን ሸራውን ዘረጋነው። ከዚያ አልጋውን እየዞረች ጥግ ጥጉን በመዳፏ ዳበሰች፣ ሳይሸፈን የቀረ እንዳይኖር። እዚያ ላይ ምንም አላመለጣትም።