የእናቴ ጸሎት በቀበሌው አዳራሽ

በ1978 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም ነበር። መካኒሳ አቦ፣ እኛ ሰፈር፣ መንገዱ ጫማ ይነጥቅ ነበር፤ ከላፍቶ እርሻ ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ነው የሚገቡት።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ሥራ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የምታስተምረውም ስለ ዘመናችን ጥቁር ጸሐፊዎች ነው። ያደጉበት ቤት፣ ከወላጅ የወረሱት ነገር፣ ጽሑፋቸው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ። አንዳንዴ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልኛለች። አንዱ አባቱ ሰባኪ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ እንደ ስብከት ከፍ ዝቅ ይላል። አንዷ ደግሞ አያቷ ጓዳ ውስጥ ስታወራ የሰማችውን አነጋገር ይዛ መጣች። ይህ የመጽሐፍ ቋንቋ አይደለም ቢሏትም አልተወችውም። ይህችን ወደድኳት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ መጽሐፉን አጠፈችና፣ “አንቺስ እማዬ? ያንቺ ከየት መጣ?” አለችኝ። እኔም ለልጆች የሚሆኑ ጥቂት መጻሕፍት ጽፌአለሁና ነው። ከአያትሽ ነው አልኳት። አያቷ ፊደል እንዳልቆጠረች ስለምታውቅ ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

እናቴ ዳዊት መድገም አትችልም ነበር። ጎህ ሲቀድ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ በራሷ ቃል ትጸልያለች። የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ ትጠራለች። ብሔራዊ ውትድርና ወንዶቹን ከወሰደ ወዲህ ጸሎቷ ረዝሟል። ስም ብቻ ጠርታ ደግሞ አታልፍም።

“ተስፋዬን ጠብቀው፤ ያንን በግራ እጁ የሚጽፈውን፣ እናቱ ስትቆጣው የሚስቀውን። ሙዘይንን አደራ፤ የሉባባን ልጅ፣ ካባቱ ሱቅ ከረሜላ እየሰረቀ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያድለውን።”

ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄአት ነበር። እግዚአብሔር ሁሉን ያውቅ የለም ወይ አልኳት።

“እሱማ ያውቃል፤” አለች። “ግን ስንት ተስፋዬ አለ? ለምኚ ካለኝ ሰነፍ ለማኝ አልሆንም።”

እኔ ስለ ጽሑፍ የማውቀው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የጨመረልኝ ግን ጥቂት ነው። ሰውን ስሙን ብቻ ጠርቼ ባለፍኩ ቁጥር የእናቴ ድምፅ ሰነፍ ይለኛል።

በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ እጠብቅ ነበር። ያለ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አይገባም። ደብዳቤው ደግሞ በጓድ ሽመልስ እጅ ነበር። ሽመልስ የቀበሌያችን ኪነት ኃላፊ ነው። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ነው ያደገው፤ አብረን የሰው እሸት ሰርቀን በልተናል። ጓድ ከተባለ በኋላ ግን ሰላምታው ሁሉ እንደ ስብሰባ ሆነ።

ለአብዮት በዓል አጭር ቲያትር እንድጽፍ አዘዘኝ። አንዲት ኋላ ቀር አሮጊት አለች፤ አገር ሁሉ ወደፊት ሲራመድ እሷ ቆማ ትጸልያለች። ጽፌ ራሴ እንድጫወታት ፈለገ።

“ከሩቅ አትፈልጊ፤ የቤትሽ ዕቃ ነው፤” አለኝ። “እናትሽ እትዬ ዘነበች አጥር ሥር ሆነው ሰፈሩን ሲቆጥሩ እየሰማን አይደል ያደግነው? ሕዝቡ በሳቅ ነው የሚሞተው።”

“ባይስቅስ?”

“ደብዳቤሽን የምጽፈው ሲስቅ አይደል?”

ጻፍኩት። አሮጊቷ በነጠላዋ ተጠልፋ ትንገዳገዳለች፤ ከዚያ ተነሥታ፣ “አምላኬ ሆይ ዘይት ላክልኝ፣ ስኳር ላክልኝ” ትላለች። በልምምድ ላይ የኪነቱ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽመልስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ፤ ትኩስ ነበር፣ እሸት ነበር፣ ግን አልነከስኩትም። እናቴ በቆሎ ስታይ ሁልጊዜ፣ “ዘንድሮም ላደረሰን” ትላለች። እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይዤው ሄድኩ።

በዘመን መለወጫ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነገርኳት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ነጠላውን፣ መንገዳገዱን፣ ዘይቱን፣ ደብዳቤውን። ቀና አላለችም።

“በእኔ ይሳቁ፤ ምን ገዶኝ፤” አለች። ጠጠር አግኝታ ወረወረች። ቆይታ ደግሞ፣ “ጸሎቴ ውስጥ ግን የሰው ልጆች አሉ። ከጠራሻቸው አታጉድያቸው፤” አለች።

ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በማግሥቱ በበዓሉ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር እንደማያገኝ ያውቃል። የእርጥብ ጋቢና የጭቃ ሽታ ነበር። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ተከናንቤ ወጣሁ። እንደተጻፈው ተጠለፍኩ፤ እንደተጻፈውም ተሳቀ። እናቴን አየኋት። አልሳቀችም፣ አልከፋትም፤ ታየኛለች።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ምሥራቅ በሕዝቡ በኩል ነበር።

“ተስፋዬን ጠብቀው፤” አልኩ፤ “ያንን በግራ እጁ የሚጽፈውን፣ እናቱ ስትቆጣው የሚስቀውን።”

ጥቂት ሰዎች ልማድ ሆኖባቸው ሳቁ፤ ወዲያው ተዉት። ሽመልስ ከመጋረጃው ጀርባ፣ “ዘይቱ! ዘይቱን በይ እንጂ!” ይለኛል። ሙዘይንን ጠራሁ። እትዬ ሉባባ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ከረሜላውን ስናገር ከኋላ አንድ ልጅ፣ “ለኔም ሰጥቶኛል” አለ። ማንም ዝም በል አላለውም።

እናቴ በየማለዳው ቀጥላ የምትጠራው ደረጀን ነው። ደረጀ የሽመልስ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱንም ውትድርናው ወስዶታል። ልለፈው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ብዘለው ሽመልስ ይቅር ሊለኝ ይችል ነበር፤ ጨዋታዬ ተምታታብኝ ብል የሚያምነኝም አይጠፋ። አታጉድያቸው ያለችኝ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

“ደረጀን አደራ፤” አልኩ፤ “ጫማውን ደርድሮ የሚተኛውን፣ ነጎድጓድ የሚፈራውን። ሰው እንዳይስቅበት እሱ ያለበት ቦታ ነጎድጓድ አታሰማ።”

የሽመልስ እናት ወይዘሮ አስካለ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከጎናቸው ተቀምጧል። ወይዘሮ አስካለ ብድግ አሉ። ያሉትን ቃል እስከዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ማንም ብሎት አያውቅም።

“አሜን፤” አሉ።

ቀጥሎ እትዬ ሉባባ፣ “አሚን” አለች። ቀጥሎ ከየት ከየት እንደሆነ አላውቅም፤ አዳራሹ ሁሉ። መጋረጃው ተዘጋ።

ሽመልስ ክንዴን ያዘኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ከንዴት ይሁን ከሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

“ወንድሜን ጥሪ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?”

“እናትህ አሜን ብለዋል፤” አልኩት።

ክንዴን ለቀቀኝ። በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ እንድቀርብ ነገረኝና ሄደ።

ደብዳቤውን አላገኘሁም። ማሠልጠኛም አልገባሁም። ብዙ ቆይቼ፣ ዘመኑም ተለውጦ፣ በሌላ በር መምህር ሆንኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጠራናቸው ልጆች የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። እናቴ ግን ያልተመለሱትንም መጥራቷን አልተወችም። ልጄ የምታነባቸው ጸሐፊዎች የቤታቸውን አነጋገር ትተው የሌላውን እንዲለብሱ ብዙ ሰው መክሯቸዋል። እኔንም የቤቴን ለሳቅ አውጪው ብለውኛል። ያን ቀን እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ብዕር ስይዝ የማንን ቃል እጽፍ እንደነበር አላውቅም። አልጸጸትም። ለእናቴ የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ።

በዚያ በበዓሉ ማግሥት ጠዋት ያንኑ ነጠላ ለብሼ ወደ ቀበሌ ወጣሁ። እናቴ ልሸኝሽ አላለችም፤ አጥሩ ሥር ቆማ ጸሎቷ ላይ ነበረች። ቀበሌው በር ላይ ስደርስ አዴ ጫልቱ የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። አዴ ጫልቱ ከላፍቶ ናት፤ ወተት የምታመላልስልን። ልጇ ገመቹ ከሌሎቹ ጋር ነው የሄደው።

“ትናንት የሰው ልጅ ሁሉ ተጠራ አሉኝ፤” አለች። “የኔስ?”

ምን ብዬ ልጥራው አልኳት። አሰበች።

“እሱ ላም ሲያልብ ያፏጫል። ላሚቱ ፉጨቱን ካልሰማች ወተት አትሰጥም። እኔ ማፏጨት አልችልም፤ ይኸው ወተቱ ቀነሰ።”

ጠመንጃ የያዘው ዘበኛ ያየናል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሽመልስ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ።

“ገመቹን አደራ፤” አልኩ፣ ውስጥ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፤ “የላፍቶውን፣ ላም ሲያልብ የሚያፏጨውን። ላሚቱም እየጠበቀችው ነው።”

አዴ ጫልቱ አሜን አለች። ከዚያ ገባሁ።